የአጁሉ ጀርባ እና ከዱባይ የመጣው ቁልፍ

«ተነሺ ብዬሻለሁ!»

«አልነሳም።»

«በገዛ ሕንጻዬ በር ላይ?!»

«ሕንጻው ያንተ ነው... እኔ ግን አልነሳም።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ...

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። አዳዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፣ ነጋዴው ይጎርፋል። ፈረጅ የሚባል ነጋዴም ኒውላንድ ሰፈር ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ሠርቶ ዐሥራ አንድ ሱቅ አከራየ።

«አልነሳም» ያለችው የሕንጻው ዘበኛ አጁሉ ናት። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው። ማንም ተቀይሟት አያውቅም።

ከዚህ ጭቅጭቅ ሦስት ወር በፊት ፈረጅ ዱባይ ደርሶ ሲመጣ ከተማውን ያስገረመ ነገር ይዞ መጣ...

የኤሌክትሪክ ቁልፍ!

መክፈቻ የለው፣ ጓጉንቸር የለው። ቁጥር ትነካለህ... ቀይዋ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች... የመስታወቱ በር ይከፈታል።

ያለ ቁጥሩ ዐሥር ወጠምሻ ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም። ከላይ ያለ ማግኔት ነው አንቆ የሚይዘው።

ባለሱቆቹ በትልቁ በር ተማምነው የየሱቃቸውን ጓጉንቸር ተዉት። ቁጥሩ ለሁሉም ተሰጠ... ለአጁሉ ግን አልተሰጣትም።

«ለዘበኛ ምን ያደርግላታል?» አለ ፈረጅ።

የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ሰው ጥላ ፍለጋ ቤቱ ይገባል ወይም ባሮ ይወርዳል... እስከ ዐሥር ሰዓት ከተማው ጭር ይላል።

አጁሉ ግን ያኔ ነው በሩ ሥር የምትቀመጠው። ጀርባዋን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ... ለአራት ሰዓት አትነሳም። ምሳ እንኳ አትሄድም።

«በሩን ወደድሽው እንዴ አጁሉ?» ይሏታል ባለሱቆቹ።

«መስታወቱ ሳይቀዘቅዝላት አይቀርም!»

ወሬው ፈረጅ ጆሮ ገባ።

እናም በዚያ ቀን፣ ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት መጣና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ...

«ከዛሬ ጀምሮ ዘበኛ የለንም! ይህ ቁልፍ አይበላም፣ አይታመምም፣ እንደ እሷ በር ተደግፎ አይተኛም!»

ሰው ሳቀ።

«ተኝቼ አላውቅም» አለች አጁሉ።

«ታዲያ እግርሽን ዘርግተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን? የተቆለፈ በር?»

እስቲ አስቡት... «ተኝታ የምትውል ዘበኛ» የተባለችን ሴት በዚያች ትንሽ ከተማ ማን ደግሞ ይቀጥራታል? እንጀራዋም ስሟም አብረው ሊሄዱ ነው።

ጨርቅ የምትሸጠው ፋጢማ አላስችል አላት።

«ጋሽ ፈረጅ፣ ኧረ በሰው ፊት...»

«አንቺ ሱቅሽን ዝጊ! ... ፖሊስ ልጥራልሽ አጁሉ?»

«ጥራ። ፖሊሱም ይይ። እኔ ግን ቢየል ሥራውን እስኪጨርስ አልነሳም።»

ቢየል የሕንጻውን ጀነሬተር የሚያስነሳው ሰው ነው። ሁሉም ግራ ተጋባ።

«ቢየል እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» አለ ፈረጅ።

ወዲያው ከሕንጻው ጀርባ ጀነሬተሩ... ጉርርር... ጉር...

ጸጥ አለ።

አጁሉ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ቀጥላ በትንሿ ጣቷ ብቻ በሩን ሳብ አደረገችው...

ወለል ብሎ ተከፈተ!

ቁጥር የለ፣ መብራት የለ... ዐሥራ አንዱም ሱቅ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳለ ዕቃ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ለካ ጀነሬተሩ በየቀኑ በቀትር፣ ሱቅ ተዘግቶ እስኪከፈት እንዲጠፋ ያዘዘው ፈረጅ ራሱ ነበር! «ሌሊት ለመብራቱ ይሥራ፤ በቀትር ሰው በሌለበት ናፍጣ ለምን ይቃጠላል?» ብሎ።

ያ ማግኔት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ተራ ብረት ነው። አብሮት የመጣው ባትሪ ሙቀቱን ሳይችል ገና ድሮ ሞቷል። ፈረጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ ከሁሉም ዘግይቶ ስለሚመለስ አንድ ቀን እንኳ አላየም።

ሦስት ወር ሙሉ ያንን ሕንጻ በቀትር የቆለፈው የአጁሉ ጀርባ ነበር...

ፈረጅን ላብ አጠመቀው።

«ያ አላህ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሁለተኛው ቀን ነግሬሃለሁ። ‹አዲስ አበባ የተማረ ሰው የገጠመውን ዘበኛ ልታርመው ነው?› አልከኝ።»

«እውነቷን ነው» አለች ፋጢማ አንገቷን ደፍታ። «ነበርኩ... እኔም ስቄያለሁ።»

«እሺ፣ ለሌላ ሰው ብትናገሪስ?»

«በሩ ክፍት ነው ብዬ ገበያ ላይ ላውጅ? ሌባም እኮ ጆሮ አለው!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አሁን ግን የሳቀው በፈረጅ ነው።

«በቃ ተመለሺ። ደሞዝም እጨምርልሻለሁ።»

«መጀመሪያ ‹ትተኛለች› ያልከውን አንሳ።»

«እሺ... አልተኛሽም» አለ በለሆሳስ።

«ስትሰድበኝም እንዲህ ቀስ ብለህ ነበር?»

ፈረጅ ወደ ሰዉ ዞረ... ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አጁሉ ተኝታ አታውቅም! የተኛሁት እኔ ነኝ!»

አጁሉ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ምሳ ልበላ። ሦስት ወር ምሳዬን በሰዓቱ በልቼ አላውቅም።»

«በሩስ?!»

«አንተ ጀርባ የለህም እንዴ?»

ያን ቀን ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ባለ ሕንጻው ፈረጅ በሩን በጀርባው ደግፎ እስከ ዐሥር ሰዓት ቆመ...

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ስድቡ በአደባባይ ከነበረ ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን። ደግሞም ዝቅ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ዐይኑ ዝቅ አይልም... እናንተ ያላያችሁትን እሱ አይቶት ይሆናል።

እናንተስ? እውነት ተናግራችሁ ተስቆባችሁ ያውቃል? ሥራውን ጥላችሁ ሄዳችሁ ወይስ እንደ አጁሉ «አልነሳም» አላችሁ? ሳትፈሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... አንድም ሳይቀር አነባለሁ።