ያልተረጨው ጥግ

«እማማ፣ እንዳይውጡት» አለ ግሌን፣ የበረንዳውን ደረጃ እየዘለለ ሲወርድ። «ይትፉት፤ እባክዎ ይትፉት።»

አሱንታ ሣሩ መሃል በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩት። በአንድ እጃቸው ቢላዋ ይዘዋል። ጉልበታቸው ላይ ያለው ሳህን በግማሽ ሞልቷል፤ ጠርዙ መጋዝ የመሰለ ረጅም ቅጠል፣ በየጸደዩ የሰፈሩን ሣር ሁሉ ቢጫ የሚያለብሰው የዚያ አረም ቅጠል ነው። አንዱን ለቅምሻ ያኝኩ ነበር። ቀስ ብለው መዳፋቸው ላይ ተፉት።

«ውሻ ሸንቶበታል?»

«መድኃኒት ረጭቼበታለሁ። ዛሬ ጠዋት።»

«የምን መድኃኒት?»

«የአረም። ሣሩን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ብቻ የሚገድል።»

አሱንታ ሳህኑን አገላብጠው አዩ። አንድም የጠወለገ የለም። «ምንም የሆነ አይመስልም።»

«ዛሬ አያስታውቅም። ለመጠውለግ ቀናት ይፈጅበታል።»

ግሌን ጠዋት ሁሉን በደንቡ ነበር የሠራው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቧል፤ መጠኑን ለክቶ በጥብጧል፤ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝና የጎማ ጓንት አድርጓል። ሲጨርስም ልብሱን ለብቻ አጥቧል። የቀረው ነገር ቢኖር መግቢያው ላይ መድኃኒት መረጨቱን የሚናገር ምልክት መትከል ነበር። ማን ይመጣል ብሎ ነው የተወው።

አሱንታ የቀድሞ አማቱ ናቸው። ልጃቸው ካርላ እሱን ፈትታ አሪዞና ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ከፍቺው በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ጸደይ፣ በሩ ሲንኳኳ ከፍቶ ሳህንና ቢላዋ ይዘው ቆመው አያቸው። «የፈታችህ እሷ ናት፤ እኔ መቼ ፈታሁህ?» ብለው አልፈውት ለምግብ የሚሆነውን ቅጠል ሊለቅሙ ወደ ሣሩ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ክረምት ላይ በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከእንግዲህ አይመጡም ብሎ ደመደመ። ጎረቤትም የአረሙ ዘር እየበነነ ደጃችንን ወረሰው እያለ ሲያጉረመርም ከርሟል።

ደግፎ ወደ ቤት አስገባቸው። አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። እሱ መድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ወዳለው የመመረዝ እርዳታ ቁጥር ደውሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። አንዲት ሴት አነሳች። የመድኃኒቱን ስም፣ መቼ እንደተረጨ፣ የአሱንታን ዕድሜ፣ የዋጡት ነገር እንዳለ ጠየቀች።

«አልዋጥኩም። ይሄ ሰውዬ መች አስዋጠኝ» አሉ አሱንታ።

«ጥሩ ነው እናቴ። ውኃ ይጠጡ። ሆድዎን ካመመዎት ወይም ካስመለሰዎት መልሰው ይደውሉልን። የተለቀመውን ግን እንዳይበሉት።»

«ደጋግሜ ባጥበውስ?»

«አይሆንም እናቴ። ቅጠሉ ውስጥ ዘልቋል፤ ውኃ አያወጣውም።»

ግሌን ቅጠሉን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋው። ሳህኑንና ቢላዋውን ማጠብ ጀመረ። አሱንታ ውኃቸውን እየተጎነጩ ጀርባውን ሲያዩ ቆዩ።

«እንዳልመጣ ነው የረጨኸው?»

«አይደለም። የማይመጡ መስሎኝ ነው።»

«ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ስልክ የለህም?»

«አለኝ።»

«ሆስፒታል ስተኛ የላክህልኝ ካርድ ነው። ድመት ያለበት።»

«ደስ የሚልዎት መስሎኝ።»

«ድመት እጠላለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን አማቼ ሆነህ ይህን እንኳ አታውቅም።»

ግሌን ውኃውን ዘጋ። ሰበብ ፈልጎ ነበር፤ ሥራ በዛብኝ ሊል፣ ካርላ ቅር ይላታል ብዬ ሊል። ሁለቱም አፉ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

«ልመጣ ይገባኝ ነበር» አለ።

አሱንታ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ከጋራዡ ጀርባ አልረጨሁም» አለ ግሌን። «እዚያ ሳልደርስ ነፋስ ተነሣና አቆምኩ።»

«ነፋሱስ አልወሰደውም?»

«ይነፍስ የነበረው ወደ መንገዱ ነው። መሃል ላይም ጋራዡ አለ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ባልሆን አልነግርዎትም ነበር።»

ባልዲውን በአንድ እጁ፣ ሳህኑንና ቢላዋውን የያዙትን አሱንታን በሌላው ይዞ በስሚንቶው መተላለፊያ ወደ ጓሮ ዞረ። ከጋራዡ ጀርባ አረሙ እንደ ልቡ በቅሎ ጉብ ጉብ ብሏል። አሱንታ ባልዲው ላይ ተቀመጡና ጎንበስ አሉ፤ ወዲያው ትንፋሻቸውን በጥርሳቸው መሃል ስበው ዳሌያቸውን ይዘው ቀና አሉ። ግሌን ያን ጊዜ ገባው። ከፊት ለፊትም የለቀሙት እጃቸው የደረሰበትን ብቻ ነበር።

ቢላዋውን ዘረጉለት።

ያን ሁሉ ጸደይ በመስኮት አይቷቸዋል እንጂ አንድ ቅጠል ቆርጦ አያውቅም። ተንበረከከ።

«አበባ ያወጣውን ተወው፤ መርሯል። ገና ለጋውን፣ ያንን፣ በግራህ ያለውን።»

ግሌን ቢላዋውን አፈሩ ውስጥ ሰክቶ መፈንቀል ጀመረ።

«እንደሱ አይደለም» አሉ አሱንታ። «ሥሩን ተወው። ለከርሞ ምን ልለቅም ነው?»

ቢላዋውን መዝዞ፣ ከአፈሩ ከፍ አድርጎ ቆረጠ። ነጭ ወተቱ አውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ቅጠሉን ሳህኑ ላይ አኖረና በጉልበቱ ወደሚቀጥለው ተጠጋ።