የልብስ ሰፊው ተረከዝ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሚደገፉበትን ብረት ለቀቁ። የስኳር በሽታ እግራቸውን ካደነዘዘው ወዲህ እንዲህ ብቻቸውን ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አባባ» አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ።

ጨፈኑ። ንቅንቅ አላሉም።

«አየሽ?» አሉ ከኋላቸው ለተቀመጠችው ልጃቸው። «ሱቄ ውስጥ በባዶ እግሬ ስለማመድ ከረምኩ። ከቆምክ ወደ ስፌት መኪናህ ትመለሳለህ ብለሻል፤ ቃልሽን እንዳታጥፊ።»

ልጃቸው ወደ እግራቸው ተመለከተች። የነጭ ካልሲያቸው ተረከዝ ላይ ደም ደርቆ ነበር። «አባዬ፣ እስቲ ቁጭ በል» አለች።

ባለሙያዋ ካልሲውን አውልቃ፣ እስከ ክር ማስገቢያዋ ሥጋ ውስጥ የተቀበረች መርፌ ነቀለችና ጥጥ ላይ አኖረቻት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መረመሯት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስፈልጋት ነበር።»