የደጁ ክትር

በፍኖተ ሰላም የማኅበር ቤቶች ሰፈር ሰው እንደ ወትሮው ደጁን ጠረገ፤ ከዚያ አካፋውን ይዞ ወጣ። በጋራ የሚቆፍሩት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሥርጉት ደጅ ደርሶ ነበር። እዚያ ሟች ባለቤቷ በየክረምቱ እያደሰ ውሃ የሚመልስበት የአፈር ክትር ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ የመለሱት ጎርፍ እኮ እኔ ቤት ነው የሚያድር፤ ትራስ ብቻ ነው ያልጠየቀኝ» አለቻት በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ጎረቤቷ።

ወንዶቹ ክትሩን ለመናድ አፍረው ቆሙ። «እኔው» አለች ሥርጉት። ባሏ በአካፋ ጀርባ የጠፈጠፈበት ምልክት ገና ይታይ ነበር። ከላይ ጀምራ ናደችው።

ከቀትር በኋላ ዘነበ። ውሃው በቦዩ ወረደ፤ ጎረቤቷ ቤት አልገባም። ሥርጉት ልታይ ስትወጣ እንደ ልማዷ እግሯን ከፍ አደረገች። የምትሻገረው ክትር አልነበረም።