ሰሌዳውን ማን ይያዘው?

«መምህርት፣ ዘወር ይበሉልኝ እንጂ! የጻፉትን አልበላብዎትም» አለ ገምጋሚው። የትምህርት ቤቱን ጠንካራና ደካማ ጎን ሊመዝን የመጣ ሰው ነበርና ስህተት ጽፋ የደበቀችው መሰለው። እሷ ግን ጀርባዋን ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አጣብቃ ቀረች። የላይኛው ሚስማር እንደ መምህራኑ ገምጋሚውን ፈርቶ ይሁን አይታወቅም፣ ልክ እሱ ሲገባ ከግድግዳው ወልቆ ነበር። ያ ሁሉ ጣውላ አሁን ትከሻዋ ላይ አርፏል። ከፊቷ ያሉት ሕፃናት አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል።

ዳይሬክተሩ ጠዋት «ስለ ጉድለት ትንፍሽ ያለ ነገ እዚህ እንዳላየው» ብሎ ነበር። ሰሌዳው ሲጥ አለ።

«ልጆቼ፣ ቶሎ ተነሱና ወደ ኋላ ሂዱ» አለች። «ጌታዬ፣ ከለቀቅኩት ይወድቅባቸዋል።»

ገምጋሚው ወረቀቱን ጥሎ ሮጠና ከጎኗ በሁለት እጁ ደገፈው። ይኼኔ ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ፣ ፈገግ እንዳለ፣ «እንዴት አገኙን፣ ጌታዬ?» ሲል ጠየቀ።

«ደካማ ጎናችሁን ልጽፍ ነበር፤ እስቲ መጀመሪያ ይምጡና ይያዙልኝ።»