የመጠየቅ ፈቃድ

ኮምፒውተሮች የመረጃ ቋትን የሚጠይቁበትን የጋራ የኮድ ደንብ፣ ፕሮቶኮሉን፣ አንድ ኩባንያ የግሉ ካደረገው ወዲህ፣ ያለ ፈቃድ መጠየቅ ወንጀል ሆነ። ኮምቦልቻ የምትኖረው ፕሮግራመር ትርሲት የፈቃዱን ውል አልፈርምም በማለቷ፣ የሠራችው፣ የትኛው ፋርማሲ ምን መድኃኒት እንዳለው ቋቱን ጠይቆ የሚያሳየው የመድኃኒት ማፈላለጊያ ድረ ገጽ ተዘጋ። በዚህ የተነሳ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ኢንሱሊን ፍለጋ በዝናብ አምስት ፋርማሲ ዞረው በስድስተኛው አገኙ።

ትርሲት የእናቷን የራሰ ነጠላ ገመድ ላይ አሰጣችና ወደ ኩባንያው ወኪል ሄደች።

«ይፈርሙ፣ ዛሬውኑ ይከፈትልዎታል» አላት ወኪሉ።

«ፕሮቶኮሉን የጻፍነው እኛ ፕሮግራመሮች ነን፤ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብለን። የእናንተ የሆነው የኮድ መስመር የቱ ነው? ያሳዩኝ።»

ወኪሉ ውሉን አገላበጠ። «እሱን የሚያውቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።»

«እንግዲያው እስኪያሳዩኝ አልፈርምም።»

ቤቷ ተመልሳ ማፈላለጊያውን በራሷ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ ከፈተችው፤ ከገጹ ሥርም ሙሉ ስሟንና አድራሻዋን ጻፈችበት።

እናቷ አይተው ደነገጡ። «ልጄ፣ መጥተው ቢይዙሽስ?»

«ይምጡ፤ ተደብቄ አልጠይቅም።»

ወይዘሮ ዘነበች ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የእኔንም ስም ጨምሪበት» አሉ። «መድኃኒቱ የት እንዳለ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»