ደህናው ትከሻ

ኮድ መዝጋቢዋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ስትሮጥ ነፍሷ ከኋላዋ እያለከለከች ትከተላት ነበር። በሆስፒታሉ በሽታን ሁሉ በቁጥር የምትመዘግበው እሷ ናት፤ የትከሻ ጅማት ሲበጠስ መጨረሻው ላይ አንድ ከተጻፈ ቀኝ፣ ሁለት ከተጻፈ ግራ ነው። ዛሬ ቀዶ ጥገና ለሚደረግለት ዕቃ ተሸካሚ አንድ ጽፋለታለች። አሁን የደረሳት የኤምአርአይ ምስል ግን የተበጠሰው ግራው ነው ይላል። በእሷ ጣት ደህና ትከሻ ሊቀደድ ነው!

ተሸካሚው በሩ ላይ ስትሬቸር ላይ ተጋድሟል። ፍሪጅ ከነሥጋው፣ ሥጋውን ካሸተተው ውሻ ጋር አራተኛ ፎቅ አወጣ የሚባልለት ሰው ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ የሐኪሙን ሰማያዊ ምልክት ስታይ ስትሬቸሩን ጨብጣ አቆመችው።

“ጋሼ፣ እስቲ ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ!”

ቀኙ ሽቅብ ተሰቀለ፤ ግራው ከአንሶላው ንቅንቅ አላለም።

“ታዲያ እኔም ሐኪሙም ስንጠይቅዎ ለምን ቀኙን አሳዩን?”

“ቀስ በይ ልጄ፣ ይሰማሉ” አላት። “ደህናውን ከፍተው ምንም ሲያጡ፣ ይቅርታ ብለው ወደ ቤቴ ይሸኙኛል ብዬ ነዋ! ቢላ እፈራለሁ።”

ሐኪሙ ግን ከኋላ ሰምቶ ኖሮ፣ ምልክቱን በአልኮል ጠርጎ ግራው ላይ አሰመረ። እሷ እፎይ ልትል ስትል የተሸካሚው ቀኝ እጅ የእጇን አንጓ ጨመደደው።

“የትም አትሄጂ” አላት።

ነርሶቹ ጣቶቹን ሊያላቅቁ ቢታገሉ ቢታገሉ አቃታቸው። በመጨረሻ አናቷ ላይ የቀዶ ጥገና ቆብ ደፉላትና ስትሬቸሩን ሲገፉ እሷም እየተጎተተች አብራው ገባች።