ሐምራዊ ኮት

ሹፌሩ አዲሱን ጭፍራ ከካርቶን እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የመጫወቻ ወታደሮች ናቸው፤ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም የነበረ ጦር ይለብስ እንደነበረው ከአንገትጌያቸው እስከ ኮታቸው ቁልፍ በቀጭን ብሩሽ የተቀቡ። ሹፌሩ ራሱ ወገቡ ተቆርጧል። ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዳ፣ ማታ እነዚህን ሲቀባ ከርሞ ዛሬ ቀና ማለት እንኳ ሥራ ሆኖበታል።

ፊት ለፊቱ ታናሽ ወንድሙ የራሱን ጦር አሰልፎ ቆሟል። እሁድ እሁድ በእነዚህ ወታደሮች፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ርቀቱን በማስመሪያ እየለኩ ሲዋጉ ፀጉራቸው ሸብቷል። ታናሽየው በውጊያ እምብዛም ነው፤ ለትችት ግን የሚያህለው የለም። ደንባቸው ነው፤ አዲስ ጭፍራ ሲሰለፍ ባላጋራው ጎንበስ ብሎ ይፈትሻል፣ አንዲት ቁልፍ ከሳተች ጉድ ፈላ። አንዴ ሹፌሩ ተሳስቶ ለትንሹ ከበሮ መቺ ጺም ቢያወጣለት፣ «ይሄ ልጅ ከበሮውን የሚመታው ለልጅ ልጆቹ ሰርግ ነው?» እያለ ወር ሙሉ መድረሻ አሳጥቶታል።

ዛሬም ጎንበስ አለ። ከዳር እስከ ዳር አየ። አንዱን አንስቶ ከሌላው ጋር አስተያየና ቀስ ብሎ መለሰው።

«ያምራሉ» አለ።

ሹፌሩ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሌላ ነገር የለም። ያ ምላሱ የማያርፍ ሰው ዳይሱን በእጁ እያንኳኳ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ቢሰድበው በስንት ጣዕሙ።

ምን እንዳየ ጠየቀው። ታናሽየው ምንም አላየሁ፣ ይልቅ ጀምር አለው። ሹፌሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና አልለቀቀውም። በመጨረሻ ወንድምየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ኮታቸው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ ነዋ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ።»

«ሁሉም?»

ሹፌሩ አንዱን አንስቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ሰማያዊ ነው። ሌላውን አነሳ፤ ያው ነው። መስኮቱ ጋ ሄዶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። ምን ያድርግ፣ ለእሱ ሁለቱም ድፍን ያለ ሰማያዊ ናቸው።

«ሐምራዊዎቹ ይበዛሉ» አለ ወንድሙ። «መቼም የቀለም ብልቃጦቹ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ ተምታተውብህ ነው።»

ሹፌሩ ሁለቱን ወታደሮች መዳፉ ውስጥ ጨበጣቸው። ሚስቱ ዓይንህን ሐኪም ቤት ታይ ባለችው ቁጥር እንቅልፍ አጥቼ ነው ይላታል። በመሥሪያ ቤቱ የዓይን ምርመራ ቀን ከፊቱ የተሰለፈው ሹፌር የፊደል ሰንጠረዡን ሲያነብ ሰምቶ በቃሉ ያዘና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ አለፈ። ጡረታ እስክወጣ እንደምንም ልጎተት ብሎ ነው። መሪውን ከለቀቀ ደመወዙም ይቆማል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ገቢ ደግሞ ያ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሊናገር አፉን ከፈተና ደከመው።

ወንድሙ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የእሱም ትንሿ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄደው ሹፌሩ በሚነዳው አውቶቡስ ነው፤ ከአጎቷ ኋላ ካልተቀመጥኩ ብላ ነው በየጠዋቱ የምትጣላው።

«ከነገ ጀምሮ ልጅቷን እኔ ነኝ የማደርሳት» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «እንዳትቀየመኝ፣ ጋሼ።»

ሹፌሩ ሊቀየም ሞከረ። እንዴት እኔን አታምነኝም፣ እኔ አይደለሁ ወይ ያሳደግኩህ ሊለው ፈለገ። እየቆየ ሲያስበው፣ ልጅቷንስ አባቷ ያደርሳታል። ከመስኮቱ ዞረ።

«የሌሎቹ ልጆች አባቶችስ?» አለ።

ሹፌሩ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የዛሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ራቅ አድርጎ ያዘው፣ አቀረበው፣ እንደገና አራቀው። ከዚያ በወታደሮቹ ራስ ላይ አሻግሮ ለወንድሙ ሰጠው።

«የአውቶቡሶቹን ስምሪት ኃላፊ ቁጥር ፈልግልኝ» አለ። «ፊደሉ አይታየኝም።»